የደረቅ ቀን ጎርፍ

"የት ነኝ አልክ?" ምክትል ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ከወንበሩ ተነሣ።

"ወንዙ ዳር ነኛ" አለ የድምፅ ማጉያው መኪና ሾፌር። "ሰዉን አስወጥቼ ጨርሻለሁ። ግን የትምህርት ቤቱ በር ተቆልፏል።"

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የከተማው የመምሪያ ኃላፊዎች ጨዋታቸውን አቋረጡ። ጠዋቱን ሙሉ የጎርፍ አደጋ ሥልጠና ላይ ነበሩ። አሰልጣኟ አንድ ነገር ደጋግማ አሳስባቸው ነበር፤ በሬዲዮ የሚተላለፍ መልእክት ሁሉ "ይህ ልምምድ ነው" ተብሎ ይጀመር። ምክትሉ ተራው ሲደርስ ድምፁን ጎርነን አድርጎ የወንዝ ዳር ነዋሪዎች በሙሉ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲወጡ አዘዘ። ትእዛዙ ስላማረለት ባልደረቦቹ አጨበጨቡለት። "ይህ ልምምድ ነው" የምትለዋን መዝለሉን ማንም ልብ አላለም። ሾፌሩ ደግሞ ከዓመት ፈቃድ የተመለሰው የዚያኑ ዕለት ስለነበር ስለ ሥልጠናው የነገረው የለም።

ውጪው ፀሐይ ነው። ጎርፉ ግን ሁልጊዜ ከላይ፣ ከተራራው ስለሚመጣ የወንዝ ዳር ሰው በሰማዩ አይታለልም።

የውሃ መምሪያው ኃላፊ ሳቁን እያፈነ፣ ሾፌሩ በማጉያው "ስህተት ነው፣ ተመለሱ" ይበላቸውና እንገላገል አለ። ምክትሉ ራሱን ነቀነቀ።

"እንዲያ ብለን ከሸኘናቸው ውሃው የመጣ ዕለት ማን ይሰማናል? አክስቴ እዚያ ናት። እሷን ከቤቷ ማስወጣት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።"

"እና ምን ሊያደርጉ ነው?" አለች አሰልጣኟ።

"ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ።"

መጀመሪያ ግን ቁልፉ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ንብረት እንዳይጠፋ ቁልፎቹ ሁሉ ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። የቆየ አሠራር ነው፤ የአደጋ ዕቅዱ ሲወጣ ያነሣው ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋ እሳቸው ሳይፈቅዱ አልሰጥም አለች። ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አላነሡም። እንደገና ደወለች። ምክትሉ ከመሳቢያው አጠገብ ቆሞ የአክስቱን የታመመ ጉልበት እያሰበ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ጀመር። እንደምንም ለመናት፤ ኃላፊነቱ የእሱ መሆኑን ሁለቴ ካስባለችው በኋላ ቁልፉን ሰጠችው።

ሲደርስ ሰዉ የትምህርት ቤቱን አጥር ታኮ ተደርድሯል። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የታሰሩ ዶሮዎች። ጎረምሶች ሕፃናቱን በአጥሩ ላይ አሻግረው ግቢው ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። አክስቱ የእጅ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥኗን እንደ አራስ ልጅ አቅፋለች።

በሩን ከፈተና ድንጋይ ላይ ቆሞ ነገራቸው። ልምምድ እንደነበር፣ ያንን መናገር የነበረበት እሱ እንደሆነ፣ እንደረሳው። ሌላ ሰው ላይ አላሳበበም።

"ውሃ የለም ማለት ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"የለም፣ አባባ።"

ስድብ ጠበቀ። ሕፃን ያዘለች ሴት ግን ቀስ ብላ "ተመስገን" አለችና ፍራሿ ላይ ቁጭ አለች። አክስቱ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

"ቴሌቪዥን ታቅፌ እዚህ የደረስኩት አንተ ነገርህን አሟልተህ ስላልተናገርክ ነው?"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"ከልጅነትህም እንዲሁ ነህ። ግማሹን ትናገርና ግማሹን ትውጠዋለህ።"

ሳቁ ከጎረምሶቹ ጀመረና አጥሩን ተከትሎ ሄደ። ምክትሉም ሳቀ። አክስቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

"አሁን ቀልዱን ተወውና፣ ይሄ በር ተቆልፎ ምን ይሠራል? እውነት ቢሆን ኖሮ ውሃው አጥር ሥር ነበር የሚያገኘን።"

ምክትሉ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። ያስጨነቀውን ጥያቄ ብቻ አወጣው፤ "ሌላ ቀን ብጠራችሁ ትወጣላችሁ?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው ናቸው የመለሱት።

"በሩ ክፍት ከሆነ እንወጣለን።"

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቁት። የለም ሲላቸው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ለጥቂት ነው የተረፍከው አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ቢሮ ድምፅ ተመለሰ።

"ቁልፉን ስትመለስ ለጸሐፊዋ አስረክብ።"

"እሱን ስመለስ እንነጋገርበታለን፣ ጌታዬ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ጋሪው ሄደ። የአክስቱ ቤት ከሁሉም ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል፤ እሷም ከቤት አትጠፋም። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረው። አገላብጣ አየችውና ሻርፗ ጫፍ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው።

"በል አሁን" አለችው፣ "ቴሌቪዥኑን ተሸከምልኝ።"