ድምፅ የማይፈልግ ሥራ

አለቃው የሐኪሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ መለሰላት።

"የታመመው ጉሮሮሽ ነው" አላት። "እግርሽ ደህና፣ እጅሽ ደህና። ቤት ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ? ትኬት መስኮቱ ላይ ሁኚ፤ እዚያ ድምፅ የሚፈልግ ሥራ የለም። ወረቀቱ ለጊዜው አንቺ ዘንድ ይቆይ።"

ዘጠኝ ዓመት በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶቹን መነሻ ሰዓት ስትጠራ ኖራለች። ሾፌሮቹ "ራዲዮ" ይሏታል። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ድምፅዋ ከቃል መሐል ተቆረጠ። ሐኪሙ የድምፅ አውታሯ ማበጡን፣ ሰባት ቀን ዝም ካለች እንደሚሻላት፣ ከተናገረች ግን ሊደማና ድምፅዋ እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ነገራት። ማንሾካሾክም ከለከላት።

የሐኪም ማስረጃ ያቀረበ ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዙ ጋር እንደሚያርፍ መመሪያው ላይ አንብባለች። ነገር ግን ኮንትራቷ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው፤ የሚፈርመውም ይኸው አለቃ። ራሷን በእሺታ ነቅንቃ ወደ መስኮቱ ሄደች።

እስከ ረፋዱ ድረስ እንደምንም ተወጣችው። ተሳፋሪው መድረሻውን ሲነግራት ዋጋውን በጣቷ ታሳያለች፤ ለጠየቃት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ትሰጣለች። አንድ ሾፌር "ዛሬ ራዲዮአችን ባትሪ ጨርሳለች" ብሎ ሲያልፍ ሰልፈኛው ሳቀ። እሷም ያለ ድምፅ ሳቀች።

ሰልፉ እንዳለቀ ትኬት የቆረጡ አንዲት አሮጊት እያለከለኩ ተመለሱ። መኪናው ጠፍቷቸዋል። የከሰዓት ችሎት ቀጠሮ አለባቸው፤ ካልደረሱ በቤታቸው ጉዳይ በሌሉበት ሊፈረድባቸው ነው። "አራተኛው በር፣ አሁን ይነሳል" ብላ ጽፋ አሳየቻቸው።

"እኔ ፊደል አልለይም ልጄ። በአፍሽ ንገሪኝ።"

አራት ጣቷን ዘረጋች።

"አራት ምን? አራት ሰዓት? ኧረ በሞቴ፣ አንድ ቃል እንዲህ ይከብዳል?"

አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል አልነበረም፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነበር። ምራቋን ስትውጥ ደም ደም አላት።

አሮጊቷ ደነገጡ። "ውይ፣ አሞሽ ነው ለካ። ታዲያ እዚህ ማን አስቀመጠሽ?"

መሳቢያውን ቆልፋ ወጣች፤ ዘንቢላቸውን ተቀብላ፣ ክንዳቸውን ይዛ እስከ አራተኛው በር ወሰደቻቸው። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸው ወረደች።

ስትመለስ አለቃው መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል። የት እንደነበረች ጠየቃት፣ ደግሞም ሰው እየጠበቀ መሆኑን ነገራት። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለትና ደረጃውን ወጣች።

የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብላ ገና ሳታነበው "አለቃሽ ያውቃል?" አለቻት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ልትደርበው ስትል፣ እሷ ይዛው የመጣችውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አደረገችና መቀበሉን የሚያሳየውን "ገቢ" የሚል ማኅተም በጣቷ አመለከተች። ማኅተሙ ቅጂው ላይ አረፈ። ቀኑና ቁጥሩ እስኪጻፍበት ድረስም ከዚያ አልተነቃነቀችም።