ሰዓቱን የሰማው ማይክ

በእኛ ሰፈር ቴፕ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንድሜ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ያመጣልኝ ነው። ማይኩ በሽቦ የሚሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ከሰርግ ቀሚሴ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ጎረቤቶቼ «አልታየች ጠበል ጻዲቅ የምትጠራን ቴፑን ልታሳየን ነው» ይሉኛል። ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም።

ስለዚህ ወልደተንሣኤ ከሰሜን ግንባር «የአባቴን ድምፅ በካሴት ላኩልኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ አባቱ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ደብዳቤውን ይዘው የመጡት እኔ ቤት ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ። ልጁ በብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤውን ያመጣው ገብረ ሕይወት የሚባል የአንኮበር ልጅ ነው፤ ለፈቃድ መጥቶ በሁለት ሳምንት ተመላሽ። ካሴቱ የሚሄደው በእሱ እጅ ነው።

«አባባ» ይላል ደብዳቤው፣ «እዚህ ሬዲዮ አለ፣ የጓዶቼም ጨዋታ አለ። የእርስዎ ድምፅ ግን ከጆሮዬ እየጠፋ መሰለኝ፤ ይህን ነገር ፈራሁት። ልጅ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ሲጠሩኝ ጎረቤላ ገበያ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ዜማም ባይሆን ንግግር ይላኩልኝ።»

መሪጌታ ደብዳቤውን ሦስቴ አነበቡት። «ጎረቤላ እንኳን ተጋነነ» አሉ። ደስታቸው ግን ከፊታቸው አልጠፋም።

የዚያኑ ዕለት ማይኩን ከነጠላው ፈታሁና ፊታቸው አቆምኩት። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዜማቸውን ጀመሩ። መልሼ ሳሰማቸው የወጣው ነገር ደረቅ ገለባ በእጅ ሲታሽ የሚሰጠው ዓይነት ድምፅ ነው።

መሪጌታ ቴፑን በአዘኔታ አዩት። «ማይክሽ ታሟል፣ አልታየች። ከሰርግ ቀሚስ ጋር አፍነሽ አፍነሽ ገደልሽው።»

«ሳይሆን አይቀርም፣ መሪጌታ» አልኩ።

ማይኩ ጤነኛ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምልምሎቹን የጫነው መኪና ከጎረቤላ ሲነሣ መሪጌታ የልጃቸውን ስም እየጠሩ እስከ መታጠፊያው ሮጠዋል። መኪናው ከተሰወረም በኋላ መጣራታቸውን አልተዉም፤ ሰው ደግፎ ነው የመለሳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ድምፅ አልተመለሰም። እሳቸው ግን ከውስጥ ሆነው የሚሰሙት የድሮውን ነው መሰለኝ፤ አንድም ቀን ጠርጥረው አያውቁም። ማሕሌት ላይ መሪጌታ አፋቸውን ከመክፈታቸው ደብተራዎቹ አብረው ያነሡታል፤ የእሳቸው ድምፅ በሌላው ይሸፈናል። እኛም በሴቶች በኩል ቆመን እንሰማለን፤ ማንም ምንም አይልም።

እና ማይኩን ለማስመርመር ደብረ ብርሃን እንሂድ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ምን ልበል? ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አጻፍን። ለጉዞው ምክንያት «የማይክ ሕክምና» ብዬ ባጽፍ ጸሐፊው ሳቀና «የግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈው።

የሬዲዮ ጠጋኙ አብዱልሀሚድ ይባላል፤ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ ወንድሜን ያውቀዋል። ሱቁ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች የተሞላ ነው። ማይኳን ተቀብሎ አገላበጣት፣ መሰኪያዋን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ አፉ አስጠግቶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። መልሶ ሲያሰማን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥርት ብሎ ወጣ።

«ላንተማ ይሠራል» አሉት መሪጌታ። «ባለሙያ ፈርቶ ነው።»

አብዱልሀሚድ ሳቀ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይበሉ።»

«ምን ልበል?»

«የፈለጉትን።»

«ወሬ ሲጠየቅ ይጠፋኛል» አልኩ። እሱንም እንዳለ መልሶ አሰማኝ፤ ድምፄ እንዲህ ቀጭን መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን ፈታና ማይኩ አጠገብ አስቀመጠ። ሦስታችንም ዝም አልን። መልሶ ሲያሰማን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከሰዓቱ ከራሱ ይበልጥ።

«አሁን እርስዎ፣ አባባ።»

መሪጌታ ተነሡ፤ ለማይክ መቆም እንደማያስፈልግ ማንም አልነገራቸውም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሙሉ ኃይላቸው አወጡት፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። አብዱልሀሚድ ገና ሲጀምሩ ገባው፤ ዓይኑን ወደ እኔ ላከ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ካሴቱ ሲመለስ ያው ገለባ ነው።

አብዱልሀሚድ ማይኩን አንሥቶ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገ። «ላልቷል፣ አባባ። እዚህ ጋ ላልቷል። ብየዳ ይፈልጋል።»

መሪጌታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰዓት ብዙ አዩት።

«ልጄ» አሉ፣ «ያንተን ሰዓት ሰምቷል። ሽቦውን ተወው።»

አብዱልሀሚድ ማይኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «አላህ ያሽርዎት፣ አባባ» አለ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ፣

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ልጆቹ ከሄዱበት ቀን።»

«ደብተራዎቹም ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ለዚህ ነው ፈጥነው የሚያነሡት።»

«እኔ ደግሞ ትጉ ሆኑልኝ እያልኩ እመርቃቸዋለሁ» አሉ።

ካሴቱን አልልክም አሉ። «ይህን ሰምቶ ምን ይበል? የቀረው አንድ ነገር ያ የድሮ ድምፄ ነው፤ እሱንም ልውሰድበት?» እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ደግሞም አፌ አያርፍም። ልጅ የአባቱን ድምፅ ቀርቶ ሳሉን ይለያል አልኳቸው። ገብረ ሕይወት ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው እሺ አሉ። እንዳይደነግጥ ጉንፋን ይዞኛል ይበሉት ያልኩም እኔ ነኝ። ያችን ቃል ዛሬም ብውጣት ደስ ባለኝ።

ማይኩ ፊት ተቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ወልደተንሣኤ፣ እኔ ነኝ፣ አባትህ። ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ አይዞህ። ላማችን ወለደች። ደጁ ላይ ያለውን ወይራ አልቆረጥኩትም። እየጠበቅንህ ነው።» ሌላም ብዙ ነገር አሰቡ፣ ግን ደከማቸው።

መልሱ በጥር መጨረሻ መጣ። ፖስታው ላይ የተጻፈው «ለእትዬ አልታየች» ይላል እንጂ የአባቱ ስም የለበትም። እዚያው በሬ ላይ ቆሜ ከፈትኩት።

«እትዬ አልታየች» ይላል፣ «በካሴቱ ላይ የተናገሩትን አባት እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሉልኝ። ደግ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የአባቴን አነጋገር ለማስመሰል ደክመዋል፤ ላሟንም ወይራውንም የነገራችኋቸው እናንተ ናችሁ። ድምፁ ግን የአባቴ አይደለም። አጎቴ የሞተ ጊዜም ለእህቱ ጉንፋን ይዞት ነው እያልን ነበር መርዶውን የሸሸግናት፤ እኔም አብሬ ብያለሁ። ስለዚህ አልፈረድኩባችሁም። ጓዶቼ ከበውኝ አልቅሻለሁ፤ ጠጉሬንም ተላጭቻለሁ። አሁን መርዶ ፈርታችሁ አትደብቁኝ፤ የሞተበትን ቀን ብቻ ጻፉልኝ።»

ልደብቀው ነበር። መሪጌታ ግን ፖስተኛውን አይተውት ኖሮ ከኋላዬ ቆመዋል። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው አነበቡት። ሲጨርሱ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«በሥርዓቱ አልቅሶልኛል» አሉ። «ጠጉሩንም ተላጭቷል። ጎበዝ ልጅ ነው።»

«ይማሩኝ፣ መሪጌታ» አልኩ። «ጉንፋን ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ተይ፣ አልታየች። ድምፁ አይደለም ብሏል። እሱ እኮ የሚያውቀውን ነው የተናገረ።»

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሄደን ፎቶ አስነሣኋቸው። የዚያን ሳምንት ጋዜጣ በእጃቸው አስያዝኳቸው፤ ቀኑ እንዲታይ ብዬ ነው። ፎቶ አንሺው «ምነው መሪጌታ፣ ካድሬ ሆኑ?» ብሎ ቀለደባቸው፤ እሳቸውም ለፎቶው ፈገግ አሉ። ጀርባው ላይ «በሕይወት አለሁ» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉበት። በጦር ክፍሉ የፖስታ ቁጥር ላክነው። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ላክን፣ ሦስተኛ ላክን። በዓመቱ የሰሜኑ ነገር ተበላሸ፤ ሬዲዮው ማርሽ ብቻ ያሰማን ጀመር። ገብረ ሕይወትም እንኳ አልተመለሰም። ፎቶው ደርሶት ይሁን፣ አባቱን በልቡ እንደቀበረ ቀርቶ ይሁን፣ የሚነግረን አላገኘንም።

ዘመዶች መሪጌታን እርም ያውጡ ብለው መከሩ። እሳቸው አልሰሙም። «እሱ ሳልሞት አለቀሰልኝ፤ ተሳሳተ። እኔ ደግሞ እንደሱ አልሳሳትም» አሏቸው። ከማሕሌቱም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ኋላ ሄደው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ።

አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቤት ይመጣሉ። ማይኩን ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ትቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውል።

«ፈትሺው እስቲ» ይሉኛል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እላለሁ። መልሼ አሰማቸዋለሁ። ይሠራል። ሁልጊዜ ይሠራል።

ከዚያ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብለው «ወልደተንሣኤ፣ እኔ ነኝ፣ አባትህ» ይላሉ። እሱንም አሰማቸዋለሁ፤ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። አንድ ቀን፣ መሪጌታ፣ ይህን ለምን ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልለምደው ነው» አሉኝ። «ቢመጣና ደጅ ላይ ብጠራው፣ ይህ ማነው ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ እኔም አብሬው እንዳልደነግጥ።»

ቀጥለው «እስቲ ድገሚው» አሉ። ካሴቱን መለስኩት።