ዓይኔን ግንባር ያድርገው

ልብስ ሰፊዋ ሳትምል ጨርቅ ተቀብላ አታውቅም ነበር። «ዓርብ ካላደረስኩልሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ትል ነበር። ዓርብ ይመጣል፣ ዓርብ ይሄዳል፣ ጨርቁ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነው። ደንበኞቿ ለምደዋታል። የሷ ዓይን እስካሁን ግንባር አለመሆኑ ፈጣሪ ምን ያህል ታጋሽ እንደሆነ ያሳያል እያሉ ይስቁባታል፤ ግን እጇን ስለሚወዱት ሌላ ሰፊ ጋ አይሄዱም።

ከሦስት ወር ወዲህ ይህችን መሐላ እርግፍ አድርጋ ትታታለች። አሁን «እመኚኝ» ነው የምትለው፤ ቢበዛ «እውነቴን ነው»። ማንም ልብ ያላለ መስሏታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀኝ ዓይኗ ሲደበዝዝባት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ በብርሃን ፈትሾ ፈትሾ፣ ቀኙ በዓይን ግፊት ተጎድቶ ያለቀለት መሆኑን፣ ግራውን ግን ጠዋትና ማታ ጠብታ ካላቋረጠች ማቆየት እንደሚቻል ነገራት። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች። ጠብታውን የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀበረችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለልጇ ሳትነግር አንድ ቀን አታድርም ነበር። አሁን ግን ልጅቷ ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝታ ልትሄድ ተነስታለች። አንድ ለእናቷ ናት፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ዓይኗን መታመሟን ከሰማች ሻንጣውን መልሳ አልጋ ሥር እንደምትከተው የታወቀ ነው። ግትርነቱን ከማን ወሰደችውና!

ደክሟታል ልብስ ሰፊዋ። ቀን የሰው ልብስ፣ ሲመሽ ደግሞ ለብርድ አገር የሚሆን ካፖርት። በአንድ ዓይን ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት የሰይጣን ሥራ ነው፤ ክሩን ስትልከው ቀዳዳው ሁልጊዜ ትንሽ ወዲያ ነው። እጄ ዝሏል፣ ነይ እስኪ ብላ ልጇን ትጠራለች። ልጅቷ መጥታ ታስገባላታለች። አንዳንዴ ቆም ብላ ታያታለች።

ልጅቷም የራሷ ጣጣ አላት። ለተጓዥ ተማሪዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ስለ ብርዱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ለራስ ስለማብሰል ብዙ ከተነገራቸው በኋላ፣ ክፉ ወሬ በስልክ እንዴት እንደሚነገር ከቤተሰብ ጋር ተለማመዱ ተባሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ የአጎቷን ታሪክ ታውቃለችና።

አጎቷ፣ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ በወጣትነቱ ውጭ ሲማር አባታቸው ሞቱ። ፈተናውን ይጨርስ ተባለና መርዶው ተደበቀው። ከዚያ ይመረቅ ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ! እሱ እዚያ ሆኖ ለአባቱ ሸሚዝ ይልካል፤ አንገቱ ጠበባቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስልኩን የምታነሳው ደግሞ ይህችው ልብስ ሰፊ ነበረች። «ልክክ ብሎላቸዋል» ትለው ነበር፤ እያጠበበች ለታናናሾቿ ታለብሰው የነበረውን ሸሚዝ። ወንድሟ ተመልሶ እውነቱን ካወቀ ወዲህ ከሷ ጋር ሰላምታ እንጂ ወግ የለውም። እሷም አትፈርድበትም።

እናም ልምምዱ ተጀመረ። ልጅቷ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች፤ እናት ስፌት ማሽኑ ጋ ሆና ታነሳለች። መጀመሪያ ቀላሉን ሰጠቻት፤ ጣራው አፈሰሰ በይኝ አለቻት። እናት ስልኩን አንስታ፣ ትንሽ ካፊያ ጣል አድርጎ ነበር፣ ደህና ነን አለች። ማሽኑ ተሰረቀ በይኝ ስትላት፣ ሰሞኑን እረፍት ላይ ነኝ አለቻት። አክስትሽ ታማ ሆስፒታል ገባች የሚለውን ደግሞ፣ አክስትሽ ሰው ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች አደረገችው። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ተናደደች። በዚህ ዓይነት ስትሞቺ ራሱ እንቅልፍ ወስዶኛል ነው የምትይኝ ብላ አኮረፈች።

ለመሄድ አራት ቀን ሲቀራት፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሌላ ዘዴ አመጣች። ክፉውን ወሬ ራስሽ ምረጪ አለቻትና በሩን ዘግታ ደወለች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አነሳች። ካፖርቱ ጭኗ ላይ ነው። የግራ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ፈትታዋለች፤ ስፌቱ እየጠመመባት። ያናገራት ድካም ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም። መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«ቀኝ ዓይኔ ጠፍቷል» አለች። «ግራው በጠብታ ነው ያለው። ሦስት ወር ሆነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ወጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። እናት ቶሎ ብላ ለመሳቅ ሞከረች፤ ልምምድ አይደል ያልሽው፣ ይኸው ተለማመድኩ አለቻት።

«ልምምድ ከሆነ ማይ» አለች ልጅቷ። «እንደ ድሮሽ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው በይ።»

እናት አፏን ከፈተች። ለአንድ ቀሚስ ዚፕ በቀን አሥር ጊዜ ትለው የነበረው ቃል አልወጣላትም። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ካፖርቱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። እናቷ መሐላውን ከተወች ጀምሮ ጠርጥራ ነበር። ግን ከጠየቀች መቅረቷ ስለሆነ ፈርታ ዝም አለች፤ ይህንንም እያፈረች ነገረቻት። አሁንማ አልሄድም አለች።

ይሄኔ የእናት ድካም ሁሉ ቁጣ ሆነ።

«ስሚኝ። እውነት ስነግርሽ የምትቀሪ ከሆነ፣ ሁለተኛ ከኔ እውነት አትሰሚም። እስክሞት ድረስ ደህና ነኝ ነው የምልሽ። እንድነግርሽ ከፈለግሽ ሰምተሽ መሄድ ቻይበት።»

ልጅቷ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። ጠብታው የት እንዳለ ጠየቀች፤ እናት ወደ ቆርቆሮው በአገጯ ጠቆመቻት። አውጥታ ማሽኑ አጠገብ፣ ሰው የሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። ከዚያ ካፖርቱን ከእናቷ ጭን ወስዳ እጅጌውን ራሷ ሰፋችው። ጠማማ ነበር፤ ግን ያዘ። በማግስቱ ልጅቷ ያናገረቻት የጎረቤት ፀጉር ሠሪ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ጎራ እያለች የቀኑ መርፌዎች ውስጥ ክር ልታስገባ ቃል ገባች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ጠማማ እጅጌዋን ለብሳ ሄደች።

በሄደች በአሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ ደወለች። እናት ደህና ነኝ ልትል ከንፈሯ ከተላቀቀ በኋላ ዋጠችው። ግራው እንዳለ መሆኑን፣ ትናንት ደረጃ ስቷት ጉልበቷ መላጡን፣ ሁለት ደንበኛ እንደሸሻት አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ ሰማች፤ መጣሁም አላለች።

«አንቺስ?» አለች እናት።

«እኔማ ደህና ነኝ። ክፍሉም ትምህርቱም ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ልክክ ብሎልኛል፣ እማ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ማሽኑን አቆመች።

«እስኪ ማይ» አለቻት።

 ከወዲያ በኩል ለቅሶ መጣ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ አሥር ቀን የተጠራቀመ ለቅሶ። አንዲት ደንበኛ ጨርቋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናት ሳትምል፣ በእጇ ብቻ ነገ ነይ አለቻትና ወንበሯን ወደ ግድግዳው ስባ ተደገፈች።

«በይ ንገሪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ።»