የወላጅ ሥራ

ዩኒቨርሲቲያችን የተጀመረው በተዘጋ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ይማሩ ነበርና፣ በግራሶ የቆሸሸ እጃቸውን ይዘው ገብተው ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ይወጡ ነበር ይባላል። ክፍያው ያን ጊዜ የአንድ ወር የአውቶቡስ ወጪ ያህል ነበር፤ ዛሬ በከተማው ውስጥ ሰባት ግቢ ከፍተንም ከዚያ እምብዛም አልራቀም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሬጅስትራር ሆኜ የመዘገብኳቸው ልጆች፣ ሌላ ቦታ ቢሄዱ በሩን የሚከፍትላቸው እንደሌለ ስለማውቅ ነው።

አንድ ልማድ አለን። በምረቃ ቀን ከተመራቂው ስም ቀጥሎ የወላጁ ሥራ ይጠራል። የልብስ አጣቢ ልጅ፣ የዘበኛ ልጅ፣ የአናጢ ልጅ ይባላል። ያኔ እናት ወይም አባት ከመቀመጫው ይነሳል፤ ልጁ ወረቀቱን እስኪቀበል ድረስም አይቀመጥም። ልማዱን ያመጡት፣ ደጅ ጠንተው መጋዘኑን ያስከፈቱት የሂሳብ መምህር ናቸው። «ልጁን ማን እንዳስተማረው አዳራሹ ይወቅ» ብለው ነው አሉ።

አባቴ የፍሳሽ ቦይ ጠራጊ ነበር። ከመንገድ በታች ወርዶ እስከ ጉልበቱ ቆሻሻ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ቤት ሲመጣ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ወደ ገበታ አይቀርብም። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ የምረቃ ቅጹን ስሞላ «የወላጅ ሥራ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ተያዘ። ጓደኞቼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀኑ ደርሶ ስሜ ተጠራ። «የነጋዴ ልጅ!» ማንም አልተነሳም። አንባቢው ደገመው። አባቴ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጎረቤት በተዋሰው ኮት፣ እንደ ሌላው ሰው አንገቱን እያዞረ ነጋዴውን ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ሲል ገባው። እንደተቀመጠ አጨበጨበልኝ። እኔ መድረኩ ላይ ውሃ ሆንኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ነጋዴው ምነው ቀረ? እንዲህ ያለች ልጅ እያለችው።»

ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም፤ እኔም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ለማለት አፌ አልተፈታም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? ነገሩ እኔን በልክ ገጠመኝ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ስልሳ ዓመት ሞላው። አዲሱ ፕሬዝዳንት ታሪኩን ጽፌ በምረቃው ላይ እንዳነብ አዘዙኝና፣ ልወጣ ስል «የወላጅ ሥራ መጥራቱ ግን ዘንድሮ ይቅር» አሉኝ።

«ለምን፣ ዶክተር?»

«ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ እትዬ። ልጆቹን በሰው ፊት ለምን እናሳቅቃቸዋለን?»

ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ያሰብኩትን ነው ያሰቡት። እኔ ግን ቱግ አልኩ። ወጥቼ የተመረቅኩበትን ዓመት መዝገብ ታቅፌ ተመለስኩ፤ ከነአቧራው ጠረጴዛቸው ላይ ገለጥኩት።

«እዚህ ጋ ያንብቡልኝ።»

«የነጋዴ ልጅ ይላል። ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። ውሸት ነው። አባቴ ፍሳሽ ጠራጊ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም። ዘንድሮ ካልተጠራ ሳይነሳ ይሞትብኛል።»

አለቃዬ ፊት ማልቀስ አልወድም። አለቀስኩ።

እኛ ዘንድ መዝገብ አይፋቅም። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እውነቱ ጎኑ ይጻፋል፣ ሬጅስትራሩና ፕሬዝዳንቱ ይፈርሙበታል። ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው። እሳቸውም ፈረሙ። ስለ ሌላው ምንም አልተነጋገርንም። በማግስቱ የፕሮግራሙ ወረቀት ሲመጣ ግን የወላጅ ሥራ እንደ ወትሮው በቦታው ነበር።

አባቴን «ና» ስለው «እዚያ ምን ሥራ አለኝ?» ብሎ ተግደረደረ። መጣና ያው አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ።

ታሪኩን አነበብኩ። መጋዘኑን አነሳሁ፤ መምህሩን አነሳሁ። የከተማው ሹማምንት ትምህርት ቤቱን ሊዘጉት የተነሱ ጊዜ፣ ጠራጊውም ሾፌሩም ልብስ አጣቢዋም የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ሦስት ቀን በሩ ላይ መቀመጣቸውን አነሳሁ። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩ።

«አንድ እርማት አለ» አልኩና የገዛ ስሜን ጠራሁ። «የፍሳሽ ቦይ ጠራጊ ልጅ።»

ማንም አልተነሳም። ደገምኩት።

«ሰምቻለሁ!» አለ አባቴ ከአራተኛው ረድፍ። «ጉልበቴን እየለመንኩ ነው!»

ሰው ሳቀ። ከፊቱ ያለውን ወንበር ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ተጨበጨበ፤ ጭብጨባውም አለቀ፤ እሱ ግን እንደቆመ ነው። እግሩ ይንቀጠቀጣል። ተቀመጥ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ አሻፈረኝ አለ። ያኔ ገባኝ። ልጅ ወረቀቷን ሳትቀበል ወላጅ አይቀመጥም። ለእኔ ደግሞ የተዘጋጀ ወረቀት አልነበረም።

ፕሬዝዳንቱ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከዚያ መዝገቡን እንደተገለጠ አንስተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። አባቴ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ወደ እኔ ዞር አለ።

«ነጋዴው ዛሬም ቀረ?» አለኝ።

«ቀረ፣ አባዬ።»

«ቀረበት» አለና እጄን ያዘኝ።