ስልሳው የጠፋበት አለቃ

የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ክፍል አለቃ የተማሪዎችን ውጤት የሚያሰላ ባለ ሦስት መስመር ቀመር ነበረው። በየሴሚስተሩ ቀመሩን ኮምፒውተሩ ላይ በየክፍሉ ሰንጠረዥ ሲለጥፍ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ላቡን ጠርጎ "ሥራ ማለት ይህ ነው!" ይላል።

የኮንትራት ጸሐፊዋ ግን ቀመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፋ ስም ልታወጣለት ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ስሙን በሰንጠረዡ ሴል፣ ማለትም በአንዷ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ይበቃል፤ ስሌቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨርሰዋል።

"በእኔ ስም ሰይሚው!" አለ አለቃው።

ሰየመችው። እሱ ሆዬ በማግስቱ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ገብቶ፣ "አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ጸሐፊዋ ከእንግዲህ አታስፈልገንም" ብሎ አረፈው። ኮንትራቷ የሚያልቀው ዓርብ ነበር።

ርዕሰ መምህሯ ሊያዩ መጡ። "ጎበዝ! እስቲ በውጤቱ ውስጥ የፈተናውን ድርሻ ከስልሳ በመቶ ወደ ሃምሳ ቀይርልኝ።"

አለቃው አንዱን ሴል ከፈተ፤ የራሱ ስም ብቻ። ሌላውንም ከፈተ፤ አሁንም የራሱ ስም። "ስልሳው የት ገባ?" እያለ አርባ ሴል አገላበጠ። የገዛ ስሙን እያየ እንዲህ የተንገሸገሸ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

"ጋሼ፣ ስልሳው ያለው ቀመሩ መጀመሪያ የተጻፈበት ቦታ ነው" አለች ጸሐፊዋ ሳቋን እየዋጠች።

"እሱንማ አውቃለሁ! የቱ ጋ ነው?"

"ልጄ፣ አንቺ ቀይሪው" አሉ ርዕሰ መምህሯ።

አንዲት ቁጥር ነካች፤ የስምንት መቶ ተማሪ ውጤት ባንዴ ተስተካከለ።

"ኮንትራትሽን ይዘሽ ቢሮዬ ነይ፤ እናድሰዋለን። አንተም ና" አሉ ወደ አለቃው ዞረው፣ "ማን እንደማያስፈልገን አብረን እናየዋለን።"