የበየነ አውራ ጣት

«እትዬ ዳግማዊት፣ አይንኩት! እባክዎን አይንኩት!»

አርሴማ እንዲህ ስትጮህ ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት። እትዬ ዳግማዊት በረኪና የነከሩትን ጨርቅ እንደያዙ ፍሪጁ ፊት ደርቀው ቀሩ። የማኅበሩ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ እዚህ ስደት አገር፣ ካምዎክያ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ንፍሮ የሚያስቀቅሉት፣ ቤት የሚያስጸዱት እሳቸው ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ጮኾባቸው አያውቅም፤ ያውም ለፍሪጅ በር!

«ምን ነካሽ ልጄ? ቆሽሿል እኮ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል…»

«ይቆሽሽ!»

እንግዲህ ሐዘንተኛ ብዙ ነገር ይፈቀድለታል። ፊቱን ቢነጭ፣ ደረቱን ቢመታ፣ መሬት ላይ ቢንከባለል ማን ይፈርድበታል? አይጠረግብኝ ብሎ የጮኸ ግን ታይቶ አይታወቅም። ፍራሽ ላይ ከተቀመጡት ሁለቱ ሴቶች ተጠጋጉ።

«ምንድን ነው የምትማረው ያልሽኝ?»

«ወንጀል ምርመራ ነው አሉ። የሬሳ፣ የደም፣ የአሻራ ነገር።»

«በስመ አብ! ሌላ ትምህርት ጠፍቶ? ይኸው ሞትን ቤቷ ድረስ ጠራችው።»

አርሴማ ሰምታለች። ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን አታጣውም ነበር፤ ዛሬ ግን ጊዜ የላትም። አባቷ በየነ በከፈተው ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠ «ራሴን» ብሎ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አለፈ። ትናንት ቀበሩት። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእጁን አሻራ፣ አንዲት ጣት እንኳ ብትሆን፣ ጨርቁ ሳይደርስባት ቀድማ ማግኘት።

ከትናንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ባመጣችው ብሩሽና ጥቁር ዱቄት ቤቱን ስታስስ ነበር። መስታወቱ ላይ የራሷን ጣት አገኘች። ቴሌቪዥኑ ላይ የእናቷን። በሩ ላይ የምግብ ቤቱን አስተናጋጅ። መስመር የሌለው ልሙጥ እድፍ ሲያጋጥማት እንደተማረችው አልፋው ትሄዳለች። አሥራ አንድ ዓመት የኖረበት ቤት ነው፤ እሱ ግን የትም የለም። እትዬ ዳግማዊት ደግሞ ሁለት ጀሪካን በረኪና አስመጥተዋል።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ከአራት ወር በፊት በሆነ ነገር የመጣ ነው።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታ የመጀመሪያው የተግባር ሥራ ተሰጣት፤ የአንድ የቤተሰብ አባል አሥሩን ጣት በቀለም ካርድ ላይ አትሞ ማምጣት። በየነ ደስታውን አልቻለውም። ቀድሞም ቢሆን ደንበኞቹን «ማንኪያ የምትሰርቁ ተጠንቀቁ፣ ልጄ ታወጣችኋለች!» እያለ ሲያስቅ ነበር የሚውለው። እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ የፓስፖርት ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣላት።

እያንዳንዱን ጣት ቀለሙ ላይ አንከባለለች፤ ከዚያ ካርዱ ላይ። የወጣው ጥቁር እንቁላል ነው። አሥር ጥቁር እንቁላል፣ መስመር የሚባል የለበትም። መምህሯ በቀይ ጽፎ መለሰላት፤ «ማንነት ለመለየት አይበቃም»።

ተናዳ መጣች።

«አባዬ፣ ጣትህ ምን ሆኖ ነው? ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ እኮ!»

«ዕድሜ ነዋ፣ አርሴ።»

«የምን ዕድሜ! የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንኳ ይወጣለታል።»

ካርዱን እፊቱ ለሁለት ቀደደችና ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ጣለችው። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርታ የእሱን ጣት ወሰደች። በየነ እጆቹን ገልብጦ አየና ሳቀ። «እንግዲህ ወንጀል ብሠራም አትይዙኝማ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ብቅ አለ፤ መዳፉን ዘርግቶ።

«እስቲ አሁን ሞክሪ። ቫዝሊን እየተቀባሁ ነው።»

«ሌላ ጊዜ፣ አባዬ፤ ፈተና አለብኝ» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል። ሌላ ጊዜው አልመጣም።

በሠልስቱ ቀን ጋሽ ሃሩን ከኪቡሊ ሰፈር በቦዳ ሞተር መጡ። በየነና እሳቸው ወደዚህ አገር አብረው የገቡ፣ ሙንዮንዮ በሚባል ሰፈር ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አብረው የሠሩ ወዳጆች ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ከአርሴማና ከእናቷ ከአስካለማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ጋሽ ሃሩን አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

«ይኼን ሽታ አልወደውም» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት ከበየነ ጋር ስንተነፍሰው ኖረናል።»

«አባዬ እዚያ ኃላፊ አልነበረም እንዴ?» አለች አርሴማ።

ጋሽ ሃሩን ወደ አስካለማርያም አዩ። እሷም «ይንገሯት፤ ከእንግዲህ ማንን እንፈራለን» አለች።

«የምን ኃላፊ፣ ልጄ! አንሶላ ነበር የምናጥበው። እጃችንን በረኪናው ውስጥ እስከ ክርን ነክረን። ጓንት ለሁለታችን አንድ ጥንድ ነበር፤ የእኔ እጅ ቶሎ ይቆስላል ብሎ ‹አንተ አድርገው› ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ በተራዬ ላድርገው አላለም። ለአንቺ እንዳንነግር አስምሎናል። ‹ልጄ የአለቃ ልጅ ነኝ እያለች ትደግ› ነበር የሚለው።»

እንባቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን አነሡ። አርሴማ የተማረችው ነገር ዓይኗን ወዴት እንደሚመራው ታውቃለች። የጋሽ ሃሩን ጣቶች መስመራቸው አንድ ሳይጎድል ጥምዝምዝ ብሎ ይታያል።

አርሴማ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። እናቷ ተከተለቻት።

«እማዬ፣ ካርዱን እፊቱ ቀደድኩት እኮ። ደግሞ ሲለምነኝ ሌላ ጊዜ አልኩት።»

«አውቃለሁ፤ ነግሮኛል። አልተቀየመሽም።» አስካለማርያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ቫዝሊኑን ግን አልተወም። ሁልጊዜ ተቀብቶ፣ ሁለት እጁን ፌስታል ውስጥ ከቶ ነበር የሚተኛው። አንተ ሰውዬ አበድክ እንዴ እያልኩ ስቄበታለሁ፣ ወይኔ! ‹ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ይለኛል።»

«እስከ መቼ ተቀባ?»

«እስከ መጨረሻው። የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ ተቀብቶ ነው የወጣ፤ መነጽሩን ሁሉ አጨማልቆት።»

አርሴማ ቀና አለች። «መነጽሩ የት አለ?»

«ከሆስፒታል በሰጡን ፌስታል ውስጥ፣ ሳሎን…»

ሮጣ ወጣች። እትዬ ዳግማዊት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ስለ ትናንቱ ጩኸት ቂም አልያዙም፤ እንዲያውም ለልጅቱ መታረቂያ ይሆናል ብለው የአባቷን መነጽር ከፌስታሉ አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉላት ነው። ግራው መስታወት ጸድቷል። ጣታቸው ወደ ቀኙ እየሄደ ነው።

አሁን አልጮኸችም። ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«ይኼኛውን ይተዉልኝ፣ እትዬ።»

«ምን አለበት፣ ልጄ?»

«አባዬ አለበት።»

እትዬ ዳግማዊት መነጽሩን አዩ፤ እሷን አዩ። «እኔ ልደፋልሽ! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ!» አሉና በሁለት እጃቸው አቀበሏት። የበረኪናውን ጨርቅ ከእግራቸው ሥር አንሥተው በመስኮት ወረወሩት።

አርሴማ መኝታ ቤት ተመልሳ መነጽሩን ወደ ብርሃኑ ያዘች። ዱቄት አላስፈለገም። ቅባቱ ወፍራም ነው፤ አውራ ጣት ነው። መሃሉ እንደዚያ ካርድ ልሙጥ እንቁላል ነው፤ ያንንም እድፍ ቤቱ ሙሉ ስታልፈው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ዳሩ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። አንዴ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«የሱ ነው?» አለች እናቷ።

«የሱ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«መሃሉ ባዶ ነው። ዳሩ ላይ ግን ሦስት መስመር በቅሎለታል፣ እማዬ። ሦስት!»

አስካለማርያም ምንም አልታያትም፤ እንባው አላሳያትም። «ሦስት ይበቃል?» አለች።

መምህሯ ቢያየው በቀይ የሚጽፈውን አርሴማ ታውቃለች። በሦስት መስመር በዓለም ላይ የማንም ሰው ማንነት አይለይም።

«ይበቃል» አለች።

ከአልጋው ራስጌ በየነ የጀመረው የቫዝሊን ዕቃ ነበር። ከፈተችው። የራሷን አውራ ጣት ነካ አደረገችና፣ እትዬ ዳግማዊት ባጸዱት በግራው መስታወት ላይ ቀስ ብላ አሳረፈችው።