የዋጋዬ ኮምፒውተር

መምህር ውብአየሁ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። እርግጥ የራሱን ማሽን ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ጋር ያገናኘለት ከባሕር ዳር የመጣ ልጁ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰም። አብረውት እዚያ ክረምት ክረምት ከሚማሩት አስተማሪዎች የአንዱ ኮምፒውተር ሲያስቸግር «ጋሽ ውብአየሁን ጥሩት» ይባላል፤ እሱም መነጽሩን እየጠረገ ከች ይላል።

ዋጋዬም ያመነችው እሱን ነው። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ኮምፒውተር ስትነካ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ሰሞኑን ሌላው ሁሉ ሲገናኝ የእሷ ማሽን ብቻ «መገናኘት አልተቻለም» እያለ አስለቀሳት። የዘንድሮ ፈተና ደግሞ የሚሰጠው በየራስ ኮምፒውተር፣ በዚያው ዋይፋይ ነው፤ ያልተገናኘ አይፈተንም። ውብአየሁ አጠገቧ ተቀምጦ «የይለፍ ቃሉን ፊደል እየሳትሽ ነው፤ እንደገና ጻፊ» ሲላት ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ዘጋች።

«ለዚህ አልተፈጠርኩም፣ ጋሼ። ወደ ልጆቼ ልሂድ።»

«አንዴ ብቻ ለባለሙያ ላሳየው።»

«እንደወደዱ። ሚኒባሱ ከሞላ ግን አልጠብቅም፤ ከሰው ጋር ይልኩልኛል።»

ኮምፒውተሩን ከካፖርቱ ሥር ሸጉጦ በሐምሌ ዝናብ ወደ አይሲቲ ቢሮ ገሰገሰ። ፀደይ የምትባለው ወጣት ባለሙያ ማሽኑን ከፍታ የይለፍ ቃሉን እንኳ አልነካችም፤ የስክሪኑን ጥግ ብቻ አየችና ፈገግ አለች።

«ይሄ ኮምፒውተር ያለው 2017 ላይ ነው።»

«ታዲያ ዘንድሮ 2017 አይደለም እንዴ?»

«በእኛ ነዋ። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ኔትወርኩ ማንነቱን የሚያሳይበት ምስክር ወረቀት የወጣው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስለሆነ፣ ገና ያልተሰጠ ወረቀት ነው ብሎ አልቀበልም ይላል። ሰዓቱም ወደ ሐበሻ ዞሯል። ማነው የነካካው?»

ውብአየሁ ጆሮው ጋለ። ዋጋዬ ማሽኑን መጀመሪያ የከፈተች ቀን «ሰዓቱ ምነው ተሳሳተ?» ብላው፣ ዓመቱንም ሰዓቱንም ወደ አገራችን መልሶ «አሁን ሰው ሆነ» ያላት እሱ ራሱ ነበር።

«እንጃ» አለ።

ፀደይ ዓመቱንም ሰዓቱንም አስተካከለች፤ ማሽኑም ወዲያው ተገናኘ። ውብአየሁ አመስግኖ ባጃጅ ይዞ ወደ መናኸሪያ በረረ። መንገዱን ሙሉ የሚያስበው ስለ ዋጋዬ ነው ቢባል ውሸት ነው፤ የሚያስበው ስለ ስሙ ነበር። ይህ ወሬ ዶርም ከገባ አለቀለት።

ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ዋጋዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች።

«ኔትወርኩ ተስተካክሏል፤ ውረጂ» አላት ኮምፒውተሩን እያሳየ።

«ለእናንተ መቼ ተበላሽቶ ያውቃል? ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ይተዉኝ።» እጇን ዘርግታ ማሽኗን ተቀበለችው።

የቀረው ተሳፋሪ መጣ። ረዳቱ «ዳንግላ፣ ሞላ!» ብሎ በሩን ያዘ። ውብአየሁ እንዳትሄድ ፈራ፤ ከልቡ ፈራ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «ዓመቱን ወደ እኛ የመለስኩት ጊዜ ነው የተበላሸው። አንቺ አንድም ፊደል አልሳትሽም። ኔትወርኩም ምንም አልሆነም ነበር፤ ዋሸሁሽ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዋጋዬ አጠገቧ ላለችው ሴት በአዊኛ አንድ ነገር ስትላት ሴትየዋ ሳቀች። ውብአየሁ አዊኛ አይሰማም፤ ምንም ብትለው ግን ሲያንሰው እንደሆነ አልተጠራጠረም።

ዋጋዬ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ፊደል የማስቆጥር ሰው ፊደል አላውቅም ብዬ እኮ ነው ልሄድ የነበርኩት» አለችው።

ልትወርድም ብድግ ብላ ሻንጣዋን በመስኮት አቀበለችው።